ጠርዙ ሰማያዊ ሳህን

እህቴ ዙሀራ ጧት በግመል ማሰሪያዬ በኩል መጥታ «ዛሬ ምሳህን ከፊት አዳራሽ ነው የምትበላው፤ ንጹሕ ሽርጥ ልበስ» ያለችኝ ጊዜ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ የፈረንሳዩን ቤት የማያውቅ የለም። ሙሴ ጉስታቭ የባቡር ሐዲዱን ሥራ ትተው ወደ ይፋት ወርደው፣ እህቴን አግብተው ያን ምግብ ቤት ሲከፍቱ እኔ ገና ጢም አላበቀልኩም ነበር። አሁን ጢሜ ሸብቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ቀን በፊት በር ገብቼ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጬ በልቼ አላውቅም። የእኔ ቦታ ከጓሮ ነው፤ በሁለቱ ማድቤቶች መካከል፣ ከማገዶው ክምር ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ። ድሬዳዋ ካሉት የፈረንሳይ ቄሶች ዘንድ ልከው ያስተማሩኝ ሙሴ ናቸው። ብዙም ሳልቆይ «ይሄ ልጅ ምላስ እንጂ ራስ የለው» ብለው ያስወጡኝም እሳቸው ናቸው። ያሉትም በእንግዳ ፊት ነው። እህቴ ሰምታ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። እና ዛሬ ከፊት አዳራሽ?

«ምን ተገኘ?» አልኳት።

«እንግዳ አለ። ብቻውን እንዳይቀመጥ ነው።» የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። «ከአጣዬ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ነው። አብዱረሂም ይባላል።»

«አላውቀውም።»

«ዛሬ ታውቀዋለህ። ከድሮም አንተ ዘንድ ግመሉን ሲያስር የኖረ ሰው ነው።»

«እትዬ ዙሀራ፣ እንዲህ የሚባል ሰው ግመል አስሮብኝ አያውቅም።»

«አብዱልሃዲ፣ በእናታችን አልኩህ።» ዞር ብላ ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች። ድምፅዋ ሊሰማ አይችልም ነበር፤ ከንፈሯን ነው ያየሁት። «ከፊቱ የሚቀመጠውን ዳቦ እንዳትቆርሰው። ማንም እንዳይቆርሰው።»

ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው እሸት የያዘበት፣ ወባ ቤት ለቤት የምትዞርበት ወር። ባለፈው የገበያ ቀን ጣሊያኖቹ ከዋርካው ሥር አንድ ሰው ሰቅለዋል። ጥፋቱ ኮርቻ ውስጥ የወባ ኪኒን ሰፍቶ ወደ ተራራው ሲያሻግር መያዙ ነው። ለመንገድ ሠራተኛ ኪኒን የሚሰጠው ሐኪሙ ፊት ከነውሃው ተውጦ ነው፤ አፍህን ከፍተህ ካላሳየህ አትለቀቅም። ተራራ ላይ ያሉት አርበኞች ቆላ ወርደው በተመለሱ ቁጥር ከጥይቱ ይልቅ ወባው እየጨረሳቸው እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያወራል። ሙሴ ከጦርነቱ በፊት ከጅቡቲ ያስመጡት ኪኒን በሣጥን እንደነበራቸውም አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጣሊያን ፈትሾ አጣው እንጂ። እንግዲህ ዳቦ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? ራስ የለውም የተባልኩት እኔም ይህን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ረፋዱን ሙሉ ግመሎቹን ውሃ ሳጠጣ አንገቴን እየዳበስኩ ነበር።

መሸሽ እችል ነበር። ወደ ቀወት ማሳዎች ወርጄ ማሽላ ውስጥ መዋል ማን ይከለክለኛል? ግን እውነቱን ልናገር፣ ንጹሑን ሽርጥ የለበስኩት ለእህቴም ተራራ ላይ ላሉትም ስል አይመስለኝም። ያን ወንበር ስለምፈልገው ነው። ሰው ሊሰቀል ሲልም እንደዚህ ያለ ነገር ይመኛል።

አዳራሹ ከውጭ ከሚያየው ሰው ይልቅ ለገባበት ጠባብ ነው። ወደ ሰማያዊነት ያደላ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፤ በላዩ ድልድይና ወንዝ ያለበት የሙሴ አገር ሥዕል፤ ከሥዕሉ ሥር የቆመ የግድግዳ ሰዓት። ጠረጴዛዎቹ ነጭ አቡጀዲ ለብሰዋል፤ እህቴ በየቀኑ ታጥበዋለች። ከወዲህ በኩል በቆርቆሮ የተሸፈነ ረጅም መደርደሪያ፣ ጣሊያኖቹ ባንኮኒ የሚሉት፣ ከጀርባው የወይን በርሜሎች። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ምግብ በጠመኔ ይጻፋል፦ የሽንኩርት ሾርባ፣ የበግ ወጥ፣ እንቁላል። በጣሊያንኛ የተጻፈው ዋጋ አምስት ሊሬ ነው፤ ከሥሩ በእኛ ፊደል የተጻፈው ደግሞ ያነሰ። አዳራሹን መሐል ለመሐል ገመድ ከፍሎታል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ነጭና ጥቁር ባንድ ክፍል አይብላ ስለተባለ፣ ማሬሻሎው፣ የከተማው የካራቢኔሪ ፖሊስ አለቃ፣ ሌላ ወጥ የሚጣፍጥበት ቤት ስላጣ፣ ገመድ አስወጥሮ ሕጉን አስታረቀው። በመስኮቱ በኩል ነጭ፣ በበሩ በኩል እኛ። እህቴንም በዚያው ሰሞን የሙሴ ሚስት ሳትሆን የቤቱ ሠራተኛ ናት ብሎ ወስኖላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሙሴን በሰው ፊት «ጌታዬ» እያለች ትጠራለች። እሳቸው ይህንን ሲሰሙ ሁልጊዜ አንድ የሚጠርጉት ብርጭቆ ያገኛሉ።

ስለ ሳህኖቹ መናገር አለብኝ፤ የቤቱ ስም ያረፈው እነሱ ላይ ነውና። ሙሴ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ማድቤት አሠሩ። በቀኙ ከቢር ለእስላም ያርዳል፤ በግራው ደምሴ ለክርስቲያን። ቢላው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ የማጠቢያው ገንዳ ሁለት። የእስላሙ ሳህን ጠርዙ ሰማያዊ ነው፤ የክርስቲያኑ ነጭ ሙሉ። ሙሴ እንደ አገራቸው ልማድ ወጥ ላይ ወይን ጠጅ ያፈሳሉ፤ የሚያፈሱት ግን በግራው ድስት ላይ ብቻ ነው። በቀኙ ማድቤት ጠርሙስ ይዞ የገባ አንድ አብሳይ በዚያው ቀን ተባሯል። ከአጣዬ እስከ ደብረ ሲና የሚመላለስ ነጋዴ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚበላበት ቤት ነበር። ሙሴ ወደ መስጊድም ወደ ቤተ ክርስቲያንም የማይሄዱ ሰው ናቸው፤ ይህን ሥርዓት ግን እንደ ሃይማኖት ነው የያዙት።

እንግዳው ፀሐይዋ ከላይ ስትሆን መጣ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ዓይኑ በር በር የሚል ሰው። «አሰላሙ አለይኩም» አለኝ፤ አባባሉ ደህና ነበር፣ ተለማምዶበታል። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሽርጡን ሲያስተካክል ግን አንገቱን አየሁት። ፀሐይ ካጠቆረው ቆዳ መሐል አንድ ቀጭን የፈካ መስመር፣ ዙሪያውን። የማተብ ቦታ ነው። ክሩን በጥሰውለታል፤ መስመሩን ማን ይበጥስለት? «አብዱረሂም ወንድሜ፣» አልኩት ጮክ ብዬ፣ «አቧራው ጎድቶሃል፣ ሻሽህን አንገትህ ላይ ጠምጥም» አልኩና ዝቅ አድርጌ «ቶሎ» ጨመርኩ። ጠመጠመ።

ሙሴ ራሳቸው ዳቦውን ይዘው መጡ። በነጭ ሽርጣቸው ላይ ዱቄት አለ። ረጅሙን ዳቦ እንግዳው ክንድ አጠገብ አስቀመጡና በአማርኛቸው «ትኩስ ነው፣ ይቆይ» አሉ። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነው። እንግዳው እንቁላል አዘዘ፤ እኔም እንቁላል አልኩ። በሌላው ጠረጴዛ ሦስት የጨው ነጋዴዎች በሰማያዊ ጠርዝ ሳህን የበግ ወጥ ይበላሉ። ነገሩ እንዲህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ዛሬ የምጽፈው ባልነበረኝ።

ማሬሻሎው እንደ ልማዱ በጓሮ በር ገብቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ከወዲህ፣ ገመዱን ክርኑ እስኪነካው ድረስ ተጠግቶ፣ ሹምባሽ ፀጋዬ፣ የባንዳዎቹ አለቃ፣ ከሁለት ሰዎቹ ጋር ተቀመጠ። ፀጋዬ የደጋ ሰው ነው፤ ባንዳ ከመሆኑ በፊት ደብረ ሲና ላይ በቅሎ ያከራይ ነበር። ዋርካው ሥር ገመዱን የሳበው እሱ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ወይን ጠጅ ሲጠጣ ስለነበረ ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ቀይ ዓይን ያያል።

«ይሄ ማነው? አብዱልሃዲ ወንበር ላይ! ምነው፣ ማገዶው አለቀ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሲፈራ ሰው ይስቃል።

«ዛሬ እንግዳ አለብኝ ጌታዬ። ደንበኛዬ ነው፣ ከአጣዬ የመጣ የበርበሬ ነጋዴ።»

«በርበሬ ስንት ገባ አጣዬ?»

እንግዳው አፉን ሳይከፍት እኔ «ኧረ ተወደደ! ካሚዮን የሚጭነውን ይጭናል፣ ግመል ማን ያየዋል፣ እኔ ራሴ ማሰሪያዬ ላይ ሣር በቅሎ...» ብዬ ምሬቴን ጀመርኩ። የእኔን ምሬት መስማት የሚፈልግ ሰው ሮቢት ላይ የለም፤ ፀጋዬም እጁን አወናጭፎ ዞረ። ተነፈስኩ። እንቁላሉ መጣ። እንግዳው መጉረስ ጀመረ።

ከዚያ ፀጋዬ ተመልሶ ዞረ። ቀስ ብሎ። «ከአጣዬ ድረስ በእግሩ የመጣ ነጋዴ እንቁላል ይበላል?» አለ። «ነውር ነው። ዙሀራ! ለእስላሙ እንግዳ ከበጉ አምጪለት። ሂሳቡ በእኔ።»

እህቴ መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ቀረች። ፀጋዬ ፈገግ እንዳለ ጠበቃት። ምን ታድርግ? ሄደች፤ ይዛ መጣች። ሰማያዊው ጠርዝ ሳህን እንግዳው ፊት አረፈ፤ ሥጋው ከአጥንቱ የተላቀቀ፣ መረቁ የሚያብረቀርቅ።

ሰውዬው ሳህኑን አየ። እኔ እሱን አየሁ። ይህ ሰው፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ተርማበር ላይ መትረየስ ፊት ቆሟል። ክሩን በጥሶ ጥሏል፣ ስሙን ቀይሯል፣ በባንዳ መሐል ሰላምታ እየሰጠ ከተማ ገብቷል። እጁ ግን ከጠረጴዛው ጫፍ አልነሣም አለ። ከቢር «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደው በግ ነው፤ ልጅ ሆኖ እናቱ ይህን ከቀመስክ ከእኔ አይደለህም ያለችው ሥጋ ነው። ጣቶቹ እንጀራ ቆረሱ፣ ወጡ ድረስ ሄዱ፣ ቆሙ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። በልቤ ብላ፣ ብላ፣ ያ ረቢ፣ ለአንድ ጉርሻ ብለህ አታሰቅለኝ እያልኩ ነው። ፀጋዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አይበላም እንዴ፣ ሐጂው?»

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ምናልባት ከዚያ ሁሉ ዘመን ከማገዶው ክምር ላይ ነው የመጣው። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁና ሳህኑን ወደ አፍንጫዬ አነሣሁት።

«አይበላም!» ብዬ ጮህኩ። «እንዴት ይብላ? ወይን ጠጅ ይሸታል! ሙሴ! ይሄ ከግራው ድስት ነው! እኛን የክርስቲያን ሥጋ በሰማያዊ ሳህን ታበሉናላችሁ? እኔን ስትንቁኝ ኖራችሁ፣ ይሁን፤ በጓሮ አበላችሁኝ፣ ይሁን፤ እንግዳዬን ሀራም?»

«አብዱልሃዲ!» አለች እህቴ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ዝም በይ አንቺ! አንቺም ከፈረንጅ ጋር ስትኖሪ ሃይማኖትሽ ጠፋብሽ!» ይህን ማለት አያስፈልገኝም ነበር። ግን ወጣ፤ ከወጣ በኋላም አልከበደኝም።

የጨው ነጋዴዎቹ መጉረስ አቆሙ። አንዱ የያዘውን ከአፉ አውጥቶ መሬት ጣለ። ፀጋዬ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛችን መጣና ሳህኑ ላይ አጎነበሰ። አሸተተ። ሸተተውም አልሸተተውም እሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ጢሙ ራሱ በወይን ጠጅ የራሰ ነበር።

«እኔ በግ ነው የሚሸተኝ» አለ ዓይኑን ከእንግዳው ሳይነቅል።

«እንግዲያ ቅመሱት ጌታዬ» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልነበረም። «እርስዎ ክርስቲያን ነዎት። የናንተ ከሆነ ምን ይጎዳዎታል? አንድ ጉርሻ።»

ፀጋዬ እጁን ዘረጋ። ሥጋውን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ አነሣ። እዚያው አየር ላይ ቆመ። አገሩን የሸጠ፣ ዋርካው ሥር ሰው የሰቀለ እጅ፣ እንግዳው እጅ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። የእስላም ሥጋ ቢሆንስ? አብረውት ያሉት ሁለት ባንዳዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩታል። ሥጋውን ወደ ሳህኑ ጣለና ጣቱን በጠረጴዛው አቡጀዲ ጠረገ። ማሬሻሎው ከወዲያ «ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ፀጋዬ በጣሊያንኛ ነገረው። ማሬሻሎው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፣ ወይን ጠጅ ጨምሩልኝ አለ።

ፀጋዬ ግን አልጨረሰም። «ሙሴ» አለ። «እርስዎ ይናገሩ። ከየትኛው ድስት ነው?»

ሙሴ ጉስታቭ መደርደሪያው ጀርባ ቆመው ነበር። ብርጭቆ አልያዙም። እኔን አዩኝ፣ እንግዳውን አዩት፣ ዳቦውን አላዩትም። ከቀኙ ማድቤት በር ከቢር እጁን እየጠረገ ብቅ ብሏል። ሙሴ ሁለት እጃቸውን መደርደሪያው ላይ አሳረፉ።

«ተቀላቅሏል» አሉ። «ድስቱ ተቀላቅሏል። የእኔ ጥፋት ነው።»

«ምን?» አለ ከቢር። «ሙሴ፣ ምን ይላሉ? በዚህ እጄ አርጄ! ወላሂ በዚህ እጄ!»

«ከቢር፣ ዝም በል።»

«ለመቼ ነው ዝም የምለው? አገር ሰማኮ!»

የጨው ነጋዴዎቹ ተነሥተው በር ላይ አፋቸውን ይጉመጠመጡ ጀመር። አንደኛው ሽማግሌ ለሙሴ «እኛ እርስዎን አምነን ነበር» ብሎ ወጣ። ከቢር ቢላውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና የማድቤት ሽርጡን እየፈታ በፊት በር ሄደ። እኔ እንግዳውን በክንዱ ያዝኩት። «ተነሥ፣ ከዚህ ቤት አንቀመጥም።» ስንነሣ ፀጋዬ መዳፉን ዳቦው ላይ ጫነ።

«ዳቦውስ? እሱም ክርስቲያን ነው?»

ጣቶቹ ቅርፊቱን ሲጫኑት አየሁ። ትንሽ ቢጨምር ይሰነጠቃል። እኔ ባለፈው ሳምንት ዋርካው ሥር ሲወዛወዝ ያየሁትን እግር ነው ያየሁት፤ አንደኛው ጫማ ወልቆ ነበር።

«ዳቦ አይታረድም ጌታዬ!» አልኩና ከመዳፉ ሥር መዥርጬ አወጣሁት። «በስድባችን ላይ ዳቦም ልንተው ነው? ያዝ ወንድሜ፣ ለመንገድ ይሆንሃል። ይሄን እንኳ ይክፈሉን!»

ባንዳዎቹ ሳቁ። «ይሄ ስስታም!» አለ አንዱ። ፀጋዬ አልሳቀም፤ ግን መዳፉ ባዶውን ቀረ። ወጣን።

ግመል ማሰሪያው ስንደርስ እንግዳው ዳቦውን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ከተተ፣ ግመሉን አስነሣ። አንገቱ ላይ ያለውን ሻሽ ሳይፈታ «አልቻልኩም» አለኝ። ስለ ሥጋው ነው። «አየሁ» አልኩት። አላመሰገነኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ወደ ቀወት በሚወስደው መንገድ በማሽላው መሐል ሲገባ እስኪጠፋኝ አየሁት። ከዚያ የውሃ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ተኩስ ስጠብቅ ዋልኩ። በወፍ ጠባቂዎች ጅራፍ ጩኸት ሁሉ እዘል ነበር። አስር ጊዜ ያዙት፣ አስር ጊዜ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ፣ በልቤ ብቻ።

ፀሐይ ስትቆለቁል እህቴ ጠራችኝ። በፊት በር ነው የጠራችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል፤ ከኤፍራታ በኩል የመጡ ባለግመሎች ደጁ ድረስ ደርሰው፣ አንድ ነገር ተነጋግረው፣ ሳይገቡ አለፉ። ግመላቸውንም እኔ ዘንድ አላሰሩም። አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። ማሬሻሎው ጠግቦ ሄዷል፤ ገመዱ እንደተወጠረ ነው፣ የሚለየው ሰው ግን ከሁለቱም በኩል የለም። ሙሴ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያጠፋሉ። ከፀጋዬ ባንዳዎች አንዱ ግን አልሄደም። ደጃፉ ላይ ጠመንጃውን ጉልበቱ መሐል አቁሞ፣ ውሃ ለመጠጣት የተቀመጠ ይመስል ጣሳ ይዟል። ጣሳው ባዶ ነው። ዓይኑ ወደ ውስጥ ነው።

«ተቀመጥ» አለችኝ ዙሀራ። ስለዚያ ስድብ አንድ ቃል አላነሣችም። «የፈለግኸው ወንበር ላይ ተቀመጥ። አሁንማ ቦታ ሞልቷል።»

ሥዕሉ ሥር ተቀመጥኩ። ጧት ከበላሁት ጭብጦ ሌላ ሆዴ ውስጥ ምንም የለም፤ እንቁላሉንም አልጨረስኩትም ነበር። እህቴ ገባች፣ እጇ ለምዶ፣ ሳታስብ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ሳህን ይዛ መጣች። ከበጉ ምርጡን፣ ከጎኑ። ትኩስ ነበር። ይህ ሳህን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለእኔ እንዲቀርብ ስመኝ ኖሬያለሁ። እንጀራ ቆረስኩ፣ እጄን ዘረጋሁ።

ደጃፉ ላይ ያለው ባንዳ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ።

እጄ ወጡ ድረስ ሄዶ ቆመ። እህቴ ያየሁትን አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሙሴም ሰሌዳው ላይ ጨርቁን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ሳህኑን በጀርባ እጄ ገፋሁት፤ መረቁ አቡጀዲው ላይ ፈሰሰ።

«የዚህን ቤት ሥጋ አልበላም ብያለሁ!» አልኩ፣ ደጅ ድረስ እንዲሰማ። «ነፍሴ እስካለች የዚህን ቤት ሥጋ አልበላም!»

ዙሀራ ሳህኑን አንሥታ ሳታየኝ ወደ ጓሮ ሄደች። ሙሴ ቀስ ብለው መጡ፤ ከራሳቸው ምሳ የተረፈ ደረቅ ዳቦ አቡጀዲው ላይ አስቀመጡልኝ፣ ፊት ለፊቴም ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዳቦውን ቆረስኩ፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ባንዳው ስንበላ እስኪመሽ ሲያየን ቆየ።